በማሕፀን ውስጥ የሚቀጭጭ ልጅ፦ ቀን መጻፍ ለምን ይጠቅማል?

(በሬዲዮ የተላለፈ ትምህርታዊ ንግግር። ለአዲስ አንባቢዎች በጽሑፍ የቀረበ።)

 

ፊደል ቆጥራችኋል። ቁጥር ለይታችኋል። ስማችሁን መጻፍ ጀምራችኋል። ታዲያ ከስማችሁ ቀጥሎ ምን ትጽፋላችሁ? ዛሬ አንድ ነገር እንድትጽፉ እጠይቃችኋለሁ። የምትጽፉት አንድ ቀን ነው። አንድ የወር ስምና አንድ ቁጥር ብቻ። ይህች አጭር ጽሑፍ ገና ያልተወለደ ልጅን ሕይወት ልታተርፍ ትችላለች። እንዴት? ቀስ እያልን እንየው።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። የማስተምረው ንባብና ስሌት ነው። የዛሬው ነገር ግን የጤናም የስሌትም ነገር ነው። ስለዚህ ከጤና ሠራተኞች የተማርኩትን በእኛው ቋንቋ፣ በእኛው አቆጣጠር ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

ሀ/ መቀጨጭ ማለት ምን ማለት ነው?

በቆሎ የዘራችሁ ሰዎች አስቡ። በአንድ ማሳ፣ በአንድ ቀን ዘራችሁ። አንዱ ጉልበት ደረሰ። ሌላው ገና ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። ይህ አጭሩ ቀጭጯል ትላላችሁ። በምን አወቃችሁ? የተዘራበትን ቀን ስለምታውቁ ነው። ቀኑን የማያውቅ መንገደኛ ቢያየው «ዘግይቶ የተዘራ ነው» ብሎ ያልፋል።

በማሕፀን ያለ ልጅም እንደዚሁ ነው። ልጅ ከተወለደ በኋላ ብቻ ሳይሆን ገና በእናቱ ሆድ ሳለ ሊቀጭጭ ይችላል። መቀጨጭ ማለት ልጁ በዕድሜው ሊደርስበት የሚገባው ክብደትና ቁመት ላይ ሳይደርስ መቅረቱ ነው።

ጤነኛ ዕድገት ምን እንደሚመስል እንይ። በእርግዝናው አጋማሽ ላይ ልጁ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ስድስት ወር ተኩል ሲሆነው አንድ ኪሎ ያህል ይደርሳል። ወሩ ሲገባ ሦስት ኪሎ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ሒሳቡን አስሉት። ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነውን የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። ስለዚህ እነዚህ ወራት ትልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ።

ሲወለድ ክብደቱ ከ2500 ግራም፣ ማለትም ከሁለት ኪሎ ተኩል፣ በታች የሆነ ልጅ ክብደቱ አነስተኛ ነው ይባላል። እንዲህ ያለ ልጅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ነው። ሁለተኛው ቀኑ ደርሶ ሳለ በማሕፀን የቀጨጨ ነው። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ሁለቱም ይደርስበታል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ትንሽ ልጅ ሁሉ ታማሚ አይደለም። እናቱም አባቱም ደቃቃ ከሆኑ ልጁም በተፈጥሮው ደቃቃ፣ ነገር ግን ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ሐኪም የሚያስጨንቀው ማደግ ሲገባው ማደጉን ያዘገመ ወይም ያቆመ ልጅ ነው።

ለ/ ልጁ ስንቁን ከየት ያገኛል?

ልጁ በማሕፀን ሳለ በአፉ አይበላም፤ በአፍንጫው አይተነፍስም። የሚበላውም የሚተነፍሰውም በእንግዴ ልጅና በእትብት በኩል ነው።

እንግዴ ልጅ ከማሕፀን ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የሚያድግ አካል ነው። ልጁ ከተወለደ በኋላ ሲወጣ ታዩታላችሁ። ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል። የእናት ደም በአንድ በኩል ይመጣል። የልጁ ደም በሌላ በኩል ይመጣል። ሁለቱ ደሞች እርስ በርስ አይቀላቀሉም። በመካከላቸው እንደ ወንፊት ያለ ስስ ግድግዳ አለ። በዚያ ወንፊት በኩል ምግብና አየር ከእናት ወደ ልጅ ያልፋል። የልጁ ቆሻሻ ደግሞ ወደ እናት ይመለሳል። እትብት ማለት ከእንግዴ ልጅ ወደ ልጁ የሚወስደው መንገድ ነው።

እንግዲህ ስንቅ ለልጁ እንዳይደርስ የሚያደርጉት ነገሮች ሦስት ናቸው። አንዱ፣ ጎተራው ሲጎድል ነው፤ ጎተራው የእናት አካል ነው። ሁለተኛው፣ ወንፊቱ ሲበላሽ ነው። ሦስተኛው፣ ችግሩ ከልጁ ከራሱ ሲመጣ ነው።

ስንቅ ሲያጥረው ልጁ ምን ያደርጋል? የሚያስገርም ነገር ያደርጋል። ያለውን ጥቂት ደም ከሁሉ አስቀድሞ ለአንጎሉና ለልቡ ይልካል። ሆዱ፣ እጁና እግሩ ይቀንስባቸዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ ጭንቅላቱ ደህና ሆኖ ሰውነቱ ግን ከስቶ፣ ቆዳው ተሸብሽቦ ይታያል። ስንቁ በጣም ካነሰ ግን ይህም ዘዴ አያድነውም። ልጁ በሆድ ውስጥ ሊሞት ይችላል። ወይም የምጡን ድካም መቋቋም ያቅተዋል።

ሐ/ መቀጨጭን የሚያመጡት ነገሮች ምን ምን ናቸው?

ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። ዋና ዋናዎቹን ልቁጠርላችሁ።

1ኛ፣ የእናት የምግብ እጦት። በብዙ ቤት እናት የምትበላው መጨረሻ ላይ ነው። አባወራው ይበላል፤ ልጆች ይበላሉ፤ እሷ የተረፈውን ትቀምሳለች። ነፍሰ ጡር ስትሆን በዚህ ዓይነት ሁለት ሰው ይራባል።

2ኛ፣ የደም ማነስ። ደም ሲያንስ ለልጁ የሚደርሰው አየር ያንሳል።

3ኛ፣ የደም ግፊት። ይህ ከሁሉ ስውር ነው። ግፊት ወንፊቱን ያበላሻል። እናትዬው ምንም ሕመም ላይሰማት ይችላል። የሚታወቀው በመሣሪያ ሲለካ ነው። ልኩ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ያስፈልጋታል።

4ኛ፣ ወባ። የወባ ተሐዋስያን በእንግዴ ልጅ ውስጥ ይሰበሰባሉ። መንገዱን ይዘጋሉ። ስለዚህ ወባማ በሆነ ቆላ ያላችሁ እናቶች በየሌሊቱ አጎበር ውስጥ ተኙ። ትኩሳት ሲመጣ በዚያው ቀን ተመርመሩ።

5ኛ፣ ሌሎች በሽታዎች። ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ የኩላሊትና የልብ ሕመም ልጁን ይጎዳሉ። ቂጥኝ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በመርፌም ይድናል። ኤችአይቪ ያለባት እናት መድኃኒቷን ከወሰደች ልጁን ልትጠብቀው ትችላለች።

6ኛ፣ መጠጥ፣ ሲጋራና ጫት። አረቄና ጠላ፣ ጠጅና ቢራ በወንፊቱ በኩል ወደ ልጁ ያልፋሉ። ሲጋራ የልጁን አየር ይቀንሳል። ጫት የእናትን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ጭስ የታፈነበት ማድ ቤትም አይጠቅምም፤ መስኮት ይከፈት፣ ምድጃው ይሻሻል።

7ኛ፣ መንታ። ሁለት ልጆች አንድ ስንቅ ይካፈላሉ።

8ኛ፣ ሰውነቷ ጠንክሮ ሳያበቃ ያረገዘች ልጃገረድ፣ እንዲሁም ሳታርፍ ደጋግማ የምትወልድ እናት። ከአንዱ ወሊድ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አለማርገዝ ለእናትም ለልጅም ይበጃል።

9ኛ፣ ከልጁ ከራሱ አፈጣጠር ጋር የተያያዘ ችግር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። በደንብ የበላች፣ ያልጠጣች፣ የተጠነቀቀች እናት ልጅም ሊቀጭጭ ይችላል። ወንፊቱ ብቻውን ሊታመም ይችላል። እንዲህ ሲሆን «ምን አድርገሽ ነው?» ብሎ እናትን መውቀስ ነውር ነው። የዓይን ጥላ ነው፣ ቡዳ ነው እያሉ ቀን ማሳለፍም ጊዜ ያባክናል። ልጁ ጊዜ የለውም።

መ/ «ልጁ እንዳይተልቅብኝ» ብሎ መራብ

አሁን ወደ አንድ የቆየ አባባል እንምጣ። በብዙ አካባቢ «ነፍሰ ጡር ብዙ ከበላች ልጁ ይተልቃል፤ ምጡ ይከብዳል» ይባላል። እናት ለልጇ፣ አማት ለምራቷ ትነግራለች። እነዚህ እናቶች ክፉ አይደሉም። ሐኪም በሌለበት ዘመን ልጅ በምጥ ተይዞ፣ እናትም ልጅም ሲሞቱ አይተዋል። ፍርሃታቸው ከዚያ የመጣ ነው። ፍርሃቱ እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን ስሕተት ነው።

ለምን ቢሉ፣ ቀደም ብለን ያየነውን አስታውሱ። ልጁ ሲራብ ደሙን ለአንጎሉ ይልካል። መጀመሪያ የሚከሳው ሆዱና እግሩ ነው። በምጥ ጊዜ ቀድሞ የሚያልፈው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጭንቅላቱ ነው። ታዲያ እናት ስትራብ ምን አተረፈች? መንገዱ አልሰፋም። ጭንቅላቱም ያሰበችውን ያህል አላነሰም። የተገኘው አቅም ያጣ ልጅና ጉልበት ያጣች እናት ነው። ለከባድ ምጥ መልሱ ረኃብ አይደለም። መልሱ የሠለጠነ አዋላጅ ባለበት፣ ቢያስፈልግ ቀዶ ሕክምና ወደሚገኝበት ቶሎ መላክ በሚቻልበት ጤና ተቋም መውለድ ነው።

ሌላም አባባል አለ። ወተት፣ ሙዝ ወይም ገንፎ የበላች እንደሆነ «በልጁ ጭንቅላት ላይ ይለጠፋል» ይላሉ። ልጁ ሲወለድ በቆዳው ላይ የሚታየውን ነጭ ነገር ምስክር ያደርጉታል። እሱ ግን ወተትም ገንፎም አይደለም። የልጁ ቆዳ ራሱ የሚያወጣው መጠበቂያ ቅባት ነው። ወተት ቀምሳ የማታውቅ እናት ልጅም ይኖረዋል። ጥቅም ያለው ነገር ስለሆነ ተሽቀዳድሞ መፈግፈግ አያስፈልግም።

ረኃብ በማሕፀን ያለ ልጅን እንደሚጎዳ የታየበትን አንድ የታወቀ ታሪክ ልንገራችሁ። ነገሩ የሆነው ከአገራችን ውጭ፣ በሆላንድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 መጨረሻ እስከ 1945 የጸደይ ወራት፣ በጀርመን ጦር ተይዞ በነበረው የአገሪቱ ምዕራባዊ ክፍል ከባድ ረኃብ ገባ። አዋላጆችና ሆስፒታሎች የልጆቹን ክብደት ጽፈው አስቀምጠው ነበር። በኋላ ተመራማሪዎች መዝገቡን መረመሩት። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የተራቡ እናቶች የወለዷቸው ልጆች ክብደታቸው ቀንሶ ተገኘ። በመጀመሪያ ወራት ተርበው በመጨረሻዎቹ ወራት ምግብ ያገኙት እናቶች ግን የልጆቻቸው ክብደት ደህና ነበር። ልጆቹ ካደጉ በኋላም ክትትሉ ቀጠለ። በማሕፀን ሳሉ ረኃብ ያገኛቸው ሰዎች በጎልማሳነታቸው የስኳር በሽታ የሚይዛቸው በዛ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ዘግይቶም ቢሆን እናትን መመገብ ዋጋ አለው። ሁለተኛ፣ ሰው ጽፎ ባያስቀምጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልታወቀ ነበር።

ነፍሰ ጡር እናት ታዲያ ምን ትብላ? ከወትሮው ገበታዋ ሌላ በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ትብላ። ውድ ነገር አይደለም የምላችሁ። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቂንጬ፣ ከተገኘም እንቁላልና ወተት። ጨዋችን አዮዲን ያለበት ይሁን። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የደም ማነስ መከላከያ እንክብል በየቀኑ ትዋጥ። ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጥ፤ ከእንክብሉ ነው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ያ ጠቃሚ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ስለዚህ ቡናው ከምግቡ ራቅ ይበል።

ጾምን በተመለከተ፣ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ከሆንሽ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ሙስሊም ከሆንሽም ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ ነፍሰ ጡር አፍጥራ በኋላ እንድትከፍል ሃይማኖቱ ይፈቅዳል። ሳይጠይቁ በዝምታ መጎዳት ግን አይገባም።

ሠ/ ቀኑና ሜትሩ

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። ልጁ በሆድ ውስጥ ነው፤ አይታይም። ታዲያ መቀጨጩ በምን ይታወቃል?

የጤና ሠራተኛዋ ልብስ ሰፊ እንደሚይዘው ያለ ሜትር ትይዛለች። እናቲቱን በጀርባዋ ታስተኛታለች። ከእምብርት በታች፣ ከብልት በላይ ካለው አጥንት ጀምራ እስከ ማሕፀኑ ጫፍ ድረስ ትለካለች። ከ24ኛው ሳምንት በኋላ የሴንቲ ሜትሩ ቁጥር ከሳምንቱ ቁጥር ጋር ይቀራረባል። በ28ኛው ሳምንት 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በ32ኛው ሳምንት 32 ገደማ ይሆናል። የ2 ወይም የ3 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ያጋጥማል። ከዚያ በላይ ካነሰ ግን መመርመር አለበት።

እስቲ ሁለት እናቶችን እናስብ። ሁለቱም ሚያዝያ 28 ቀን ጤና ጣቢያ መጡ። ሁለቱም ተለኩ። ሁለቱም 28 ሴንቲ ሜትር ሆኑ። ልጆቻቸው እኩል ደህና ናቸው ማለት ነው?

የመጀመሪያዋ በደብተሯ «ጥቅምት 12» ብላ ጽፋለች። የወር አበባዋ ለመጨረሻ ጊዜ የጀመረበት ቀን ነው። ከጥቅምት 12 እስከ ሚያዝያ 28 ድረስ 196 ቀን ነው። ለ7 ስናካፍለው 28 ሳምንት ይሆናል። 28 ሳምንት፣ 28 ሴንቲ ሜትር። ደህና ነው።

ሁለተኛዋ የጻፈችው «መስከረም 7» ብላ ነው። እስከ ሚያዝያ 28 ድረስ 231 ቀን ነው። ለ7 ሲካፈል 33 ሳምንት ይሆናል። 33 ሳምንት፣ 28 ሴንቲ ሜትር። አምስት ጎደለ! ይህች እናት በዚያው ቀን ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋታል።

ቀኑ ባይጻፍስ? ሁለተኛዋም «ገና ነሽ፣ ወርሽ አልገባም» ተብላ ወደ ቤቷ ትሸኛለች። ያ በቆሎ «ዘግይቶ የተዘራ ነው» እንደተባለው ማለት ነው። ልጁን የሚያድነው ሜትሩ ብቻውን አይደለም፤ ቀኑም ጭምር ነው።

ቀኑ ሌላም ጥቅም አለው። የመውለጃውን ቀን ያሳያል። እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ሲቆጠር 280 ቀን ያህል ነው። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። 9 ወርና 10 ቀን ጨምሩ። ከጥቅምት 12 ዘጠኝ ወር ስንቆጥር ሐምሌ 12 ይሆናል። 10 ቀን ስንጨምር ሐምሌ 22 ይሆናል። አለቀ።

መሐል ላይ ጳጉሜን ከገባች ግን ጳጉሜን እንደ ወር አትቁጠሯት። 9 ወር ቆጥራችሁ 10 በመጨመር ፈንታ 5 ቀን ብቻ ጨምሩ። ለምሳሌ ጥር 8 ቢሆን ዘጠኝ ወሩ ጥቅምት 8 ላይ ያርፋል። 5 ሲጨመር ጥቅምት 13 ይሆናል። ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት 4 ቀን ጨምሩ። ልጅ በትክክል በዚያው ቀን ይወለዳል ማለት አይደለም። ጥቂት ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል።

ቀኑን የማታስታውስ እናትስ? እያጠባች ያረገዘች፣ ወይም የወር አበባዋ የሚዛባባት ልትሆን ትችላለች። እሷም ተስፋ አትቁረጥ። በዓል ትጥቀስ፤ ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከዚያም ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። አልትራሳውንድ በሚባለው መሣሪያ የልጁን ዕድሜ መገመት ይቻላል። ግምቱ ትክክል የሚሆነው ግን ምርመራው ቀደም ብሎ፣ ከ24ኛው ሳምንት በፊት ሲደረግ ነው። ሲዘገይ ይህም ያሳስታል።

አንድ ጊዜ መለካት ብቻ አይበቃም። ዕድገት የሚታየው የዛሬው ልክ ካለፈው ልክ ጋር ሲተያይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ነፍሰ ጡር እናት ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ ይላል። የመጀመሪያው 12 ሳምንት ሳይሞላ ይሁን ይላል። በየጊዜው የደም ግፊት፣ ክብደትና የሆድ ልክ በካርድ ላይ ይጻፋል። ካርድሽን አንብቢ። ቁጥሩ እያደገ ነው ወይስ ቆሟል? ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብትሽ ነው። የክንድሽም ውፍረት ይለካ። ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ምግብ አንሶሻል ማለት ነው።

ረ/ የልጁን እንቅስቃሴ ማዳመጥ

ከሜትሩ ሌላ፣ በእጃችሁ ያለ ሌላ መለኪያ አለ። እሱም የልጁ እንቅስቃሴ ነው። አብዛኞቹ እናቶች በአራተኛውና በአምስተኛው ወር መካከል ልጁ ሲላወስ ይሰማቸዋል። ከሰባተኛው ወር ወዲያ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ልማድ ይኖረዋል። አንዱ ማታ ማታ ይራገጣል። ሌላው እናቱ ስታርፍ ይነሣል።

ስንቅ ያጠረው ልጅ ጉልበቱን ለመቆጠብ እንቅስቃሴውን ይቀንሳል። ስለዚህ ከልማዱ ሲቀንስ ዝም አትበሉ። ከተጠራጠርሽ በግራ ጎንሽ ተኚ፤ ለሁለት ሰዓት ልብ ብለሽ ተከታተዪ። በዚያ ጊዜ ውስጥ 10 እንቅስቃሴ ካልተሰማሽ ለነገ አትበዪ። ጭራሽ ካቆመ ደግሞ መቁጠርም አያስፈልግም፤ ወዲያው ሂጂ። «ወሩ ሲገባ ልጅ ጸጥ ይላል» የሚባለውን አትመኚ። ጤነኛ ልጅ እስከ ምጥ ድረስ ይንቀሳቀሳል።

እንዲሁም ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ መንቀጥቀጥ፣ የደም መፍሰስ፣ ያለጊዜው የሽርት ውኃ መፍሰስ ወይም ትኩሳት ከመጣ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

ሰ/ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ምን ይደረጋል?

ብዙ ሰው «ሄጄ ምን ያደርጉልኛል?» ይላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ቀኑን ዳግመኛ ያሰላሉ። ቀጥሎ የደም ግፊት ይለካሉ፤ ሽንትና ደም ይመረምራሉ። የልጁን የልብ ምት ያዳምጣሉ። ካስፈለገ አልትራሳውንድ ወዳለበት ሆስፒታል ይልካሉ። እዚያ የልጁን ጭንቅላት፣ ሆድና የጭን አጥንት ይለካሉ፤ ደሙም በእትብቱ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ያያሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ። የታመመን ወንፊት መልሶ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ደም ማነስ ይታከማል፤ ወባ ይታከማል፤ ግፊት ይቆጣጠሩታል፤ ረኃብ በምግብ ይመለሳል። ወንፊቱ ራሱ ከደከመ ግን የሐኪሙ ትልቁ ሥራ ቀን መምረጥ ነው። ልጁ በሆድ ቢቆይ ይራባል። ያለጊዜው ቢወጣ ሳንባው አልጠነከረም። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? ይህን ለመወሰን የልጁን ትክክለኛ ዕድሜ ማወቅ ግድ ነው። አያችሁ? እዚህም ላይ ያቺ የጻፋችኋት ቀን ትፈለጋለች። ቀድሞ መውለድ ካስፈለገ የልጁን ሳንባ የሚያግዝ መርፌ ለእናት ይሰጣል። ቤታችሁ ከሆስፒታል ሩቅ ከሆነ የእናቶች ማቆያ ቤት መኖሩን ጠይቁ።

ሸ/ ቀጭጮ የተወለደ ልጅ

ልጁ ተወለደ እንበል። ሁለት ኪሎ ብቻ ሆነ። ተስፋ አይቆረጥበትም። ይህ ልጅ ሁለት ጠላት አለው፤ ብርድና ረኃብ። በሰውነቱ ስብ የለም፤ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ስንቅ አላጠራቀመም፤ በደሙ ያለው ስኳር ቶሎ ይወርዳል።

ስለዚህ ወዲያው ይደረቅ። በእናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ ይተኛ። ኮፍያና ካልሲ ይደረግለት፤ ከላይ ይሸፈን። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ተጀመረ። ልጅን በሆድ ኪስ በሚይዘው እንስሳ ስም የካንጋሮ አያያዝ ይባላል። ዛሬ በእኛም ሆስፒታሎች ይሠራበታል። ቢያንስ ለ24 ሰዓት አይታጠብ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። እንገሩ አይጣል፤ የመጀመሪያ መድኃኒቱ ነው። ቅቤ ማላስ፣ ስኳር በውኃ መስጠት ይቅር። ቢተኛም እየቀሰቀሳችሁ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ አጥቡት። መጥባት ካቃተው፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከዛለ ፈጥናችሁ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ለቤተሰብ የምለው

ይህ የእናት ሥራ ብቻ አይደለም። አባወራ ሆይ፣ የውኃውን እንስራና የእንጨቱን ሸክም ካንተ በቀር ማን ያቃልልላታል? ማዕድ ሲቀርብ አብራችሁ ቅረቡ። የመሄጃውን ገንዘብ ከአሁኑ አስቀምጥ። እመት አማት፣ ምራትዎን «ብዪ፣ ልጄ» ይበሏት፤ የእርስዎን ቃል ትሰማለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታችሁ ስትመጣ አትደብቋት። ሆድ መደበቅ ልጅን ከዓይን አይጠብቅም፤ ከእርዳታ ግን ያርቀዋል።

አሁን ለመወያየት ጥያቄዎች ልተውላችሁ። ከጎረቤት ጋር አንብባችሁ መልሱ።

1. ሁለት ነፍሰ ጡሮች እኩል ተለክተው የአንዷ ልጅ ደህና፣ የሌላዋ የሚያሰጋ የሆነው ለምንድን ነው?
2. እናት ስትራብ ምጧ የማይቀለው ለምንድን ነው?
3. የአንዲት እናት የወር አበባ የጀመረው ኅዳር 5 ቀን ቢሆን የመውለጃዋ ቀን መቼ ይሆናል?

ሦስተኛውን በእርሳስ ሥሩት። ነሐሴ 15 ካገኛችሁ ትክክል ነው።

በመጨረሻም የቤት ሥራ። በቤታችሁ ልትወልድ የምትችል ሴት ካለች፣ የወር አበባዋ የጀመረበትን ቀን በየወሩ ትጻፍ። ደብተር ባይኖር በበሩ ጀርባ በከሰል ትጻፍ። ለማንም ማሳየት የለባትም። ቀኑ የሚያስፈልገው ወር ሲቀርባት፣ ጤና ጣቢያ ደርሳ «መቼ ነበር?» ስትባል ነው። ያን ጊዜ «አላውቅም» ከማለት «ጽፌዋለሁ» ማለት ምንኛ ያኮራል!